እስከ ሲሳየነ

ደብረ ታቦር የገባሁት በክረምት ነው። ከመናኸሪያ የያዘኝ ባጃጅ ሰፈራችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጭቃ ውስጥ ሰመጠና ሹፌሩ “እኅቴ፣ እባክሽ ከኋላ ገፋ አድርጊልኝ” አለኝ። “አልገፋም” አልሁት፣ ሻንጣዬን አንሥቼም በእግሬ ሄድሁ። ልጁ ከኋላዬ “የአዲስ አበባ ኩራት!” ሲል ሰምቼዋለሁ። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ ያን ጭቃ ስረግጥ አድጌ፣ በገዛ ሰፈሬ ኩሩ ተባልሁ። ተመልሼ ልመልስለት ነበር፤ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ግን ምን ብዬ? ነፍሰ ጡር መሆኔን የምናውቀው እኔ፣ ባለቤቴና የሥራ ኃላፊዬ ብቻ ነበርን። ያች ጽንስ ደግሞ ተጎድታ ይሁን ደህና ሆና ሦስታችንም አናውቅም ነበር።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል፣ የኑክሌር ሕክምና ክፍል ነው። ሰው ይህን ስም ሲሰማ ቦምብ የምንሠራ ይመስለዋል። ሥራችን ጨረር ያለው መድኃኒት ለሕመምተኛ መስጠት ነው። የእንቅርት ካንሰር የያዘው ሰው በቀዶ ጥገና ከወጣለት በኋላ የቀረውን ርዝራዥ የሚያጠፋ የአዮዲን እንክብል ይውጣል። ከዋጠ በኋላ ጨረሩ ከራሱ ከሰውየው ሰውነት ይወጣል። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን ክፍል ይዘጋበታል፤ ጠያቂ አይገባም፣ ምግቡም በር ላይ ይቀመጥለታል። እኛ ሠራተኞቹ ራሳችንን የምንጠብቀው በሦስት ነገር ነው፤ ቶሎ ጨርሶ በመውጣት፣ ራቅ ብሎ በመቆም፣ ከእርሳስ መከለያ ኋላ በመሆን። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ብረት ነው፤ በእኛ ክፍል ቁመቱ ደረት የሚደርስ፣ ጎማ ያለው፣ እየተገፋ የሚሄድ ግድግዳ አለ።

በአፍ ቀላል ነው። አዲስ ገቢዎችን ሳሠለጥን እኔው ነኝ የምለፈልፈው። ግን ከታመመ ሰው ራቅ ብለህ ቁም የሚባል ነገር የእኛን አገር ሰው አንጀት አይገባም። በእኛ ሰፈር ታማሚ ሊጠይቅ ሄዶ ከደጅ “እግዜር ይማርህ” ብሎ የተመለሰ ሰው፣ ስሙ እስከ መቃብሩ ይከተለዋል። እናቴ ጎረቤት በታመመ ቁጥር ግንባር ስትይዝ፣ ጀርባ ስታሽ ነው ያደግሁት። ሥልጠናው ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ እጄ ግን የእናቴ እጅ ነው።

ሽማግሌው የመጡት ከእብናት ነው። አንገታቸው ላይ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። ልጃቸው አድርሷቸው ከውጭ ቀረ። መድኃኒቱን ከመስጠቴ በፊት ከመከለያው ኋላ ቆሜ መመሪያውን ነገርኋቸው፤ ከዋጡ በኋላ ሰው አያስጠጉ፣ ቤትዎ ሲገቡም ለጥቂት ሳምንት ለብቻዎ ይተኙ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን አጠገብዎ አይድረሱ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

“ለምጻም ሆንሁ በይኛ” አሉ።

“ለምጽ አይደለም አባቴ፤ ለሌላው ሰው ሲባል ነው።”

“ይሁን እሽ። አነጋገርሽ የእኛ አገር ነው። የማን ልጅ ነሽ?”

ነገርኋቸው። አባቴን አወቁት፤ በሬ ሊሸጥ እብናት ገበያ ሲወርድ እሳቸው ቤት ያድር ነበር። የእናቴ ቤት ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች እንደሆነም ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። ከዚያ እንክብሉን ዋጡ፤ እኔም በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ብዙ ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ሽማግሌውን የምናይበት ካሜራም፣ የምናናግርበት ድምፅ ማጉያም አብሮ ጠፋ። አብራኝ የነበረችው ነርስ ጄኔሬተር የሚያስነሣ ሰው ልትፈልግ ሄደች። ኮሪደሩ ጭር ሲል ከበሩ ኋላ ሲያስመልሳቸው ሰማሁ። ከዚያ “ልጄ… ልጄ…” አሉ።

እነሆ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መከለያውን አስቀድሜ፣ ከኋላው ሆኜ መናገር ነበረብኝ። መከለያውን ገፍቼ አስገብቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍተው ሲንቀጠቀጡ ሳይ አልፌው ሄድሁና ግንባራቸውን ያዝሁ። አስመለሱብኝ፤ ጋውኔ ከደረቴ እስከ ሆዴ ራሰ። ከዚያ ድንገት በክርናቸው ደረቴን መቱኝ። ያን ያህል አቅም አላቸው ብዬ አልገመትሁም። ግንባር የሚይዝላቸውን ሰው መምታት ምን የሚሉት ነው ብዬ ተናደድሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው በር ላይ ቆሜ ጋውኔን ሳወልቅ ነው። ጄኔሬተሩ ይጮኽ ነበር፣ ነርሷም ተመልሳ “ምነው፣ ምነው” ትለኝ ነበር።

ታጠብሁ፣ አዮዲኑ አንገቴ ላይ እንዳያርፍ የሚያግደውን ኪኒን ዋጥሁ፣ አንገቴም ተለካ። አንገቴ ደህና ነበር። ደረታችን ላይ የምናደርጋት፣ የተቀበልነውን ጨረር የምትመዘግብ ባጅ አለች፤ እሷ ግን ትውከት ነክቷት ስለነበር የምትለው ነገር የማይታመን ሆነ። የጨረር ጥበቃ ኃላፊያችን ረጋ ያለ ሰው ነው፣ እኔ ስጮኽ እሱ መነጽሩን የሚጠርግ። “ለማንኛውም የእርግዝና ምርመራ አድርጊ” አለኝ። ሳቅሁበት። ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ይዤ ስመጣ መነጽሩን አልጠረገም።

“ከጎናቸው ለምን ያህል ጊዜ ነበርሽ?” አለኝ።

“እንጃ” አልሁት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። ግንባራቸውን ስይዝ ትዝ ይለኛል፣ ክርናቸው ትዝ ይለኛል፣ በሩ ትዝ ይለኛል። መሃሉ ጭጋግ ነው። ነርሷ ደግሞ ጄኔሬተር አስነሥታ እስክትመለስ ድረስ ውስጥ እንደነበርሁ ተናገረች። ስለዚህ ያን ሁሉ ጊዜ እንደያዝኋቸው ተቆጥሮ ተሰላ። የወጣው ቁጥር ለጽንስ ከተፈቀደው በላይ ሆነ።

“ከተፈቀደው አለፈ ማለት ጽንሱ ተጎዳ ማለት አይደለም” አለኝ። “ወሰኑ ራሱ በጥንቃቄ ዝቅ ተደርጎ ነው የተሠመረው።” እኔ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው ይዤ የወጣሁ። ከአዮዲን ሥራ ወዲያው አነሣኝ፣ ዕረፍትም አስወሰደኝ። “አገርሽ ሂጂ፣ አእምሮሽ ይረፍ። አንድ ነገር ካስታወስሽ በማንኛውም ሰዓት ደውይልኝ” አለኝ።

አእምሮ እንዲህ ሲሉት የሚያርፍ ይመስል። እናቴ ቤት ሥራዬ ማስታወስ ሆነ። ጓዳ ገብቼ ትራሱን እንደ ሽማግሌው ግንባር እይዛለሁ፤ አሁን አስመለሱ፣ አሁን መቱኝ እላለሁ። አንድ ቀን አጭር ይሆናል፣ በማግስቱ ይረዝማል። ልቤ የሚፈልገውን እያስታወስሁ ይሁን የሆነውን፣ መለየት አቃተኝ። አጭር የመሰለኝ ቀን ስልኩን አነሣና “ዋሽቼስ ቢሆን” ብዬ እመልሰዋለሁ። ልጄ ላይ የምዋሽ ያህል ተሰማኝ። ባለቤቴ በየቀኑ ይደውላል፤ “ምን ተሰማሽ?” ይለኛል፤ “ምን ሊሰማኝ ነው፣ ጨረር አይሰማም!” ብዬ ጮኽሁበት አንድ ቀን። ወዲያው አዘንሁለት።

ለእናቴ ደግሞ መንገር አይሆንም። በእኛ ዘንድ እርግዝና ሳይገፋ አይወራም፤ አፍ ይበላዋል ይባላል። እናቴ እኔን ያረገዘች ጊዜ ለገዛ እናቷ እንኳ ቀሚሷ እስኪጠባት አልነገረችም። እኔም በዚህ ነገር የተማርሁ ነኝ ብዬ የምፎክር አልነበርሁም። እንዲያውም ፈራሁ። ከጨረሩም ከአፉም አንድ ላይ ፈራሁ፤ ይህን የሚያክል ሞኝ ነበርሁ።

እናቴ ግን ዓይን አላት። “ፊትሽ ገርጥቷል” ትላለች፤ “ምግብ ትገፊያለሽ። ጣራ ገዳም ሄደሽ ጠበል ብትጠመቂ ምናለበት?” ስታስጨንቀኝ የነገሩን ግማሽ ነገርኋት፤ የእብናቱን ሽማግሌ፣ መብራቱን፣ ማስመለሳቸውን፣ መያዜን፣ መመታቴን። ጽንሱን ዘለልሁት። አንገቷ ላይ እንቅርት እንዳይወጣባት ብለው በልጅነቷ የነቀሷት ንቅሳት አለ፤ ነገር ስታስብ እሱን ትነካካለች። ነካካችውና “ደግ አደረግሽ” አለች። “ቆመሽ ብታያቸው ኖሮ ነበር የማፍርብሽ። መምታታቸውን ተይው፣ በሽታ ያናድዳል።”

ይህ ቃል እንደ ጋሬጣ ወጋኝ። “አንች ምን ታውቂያለሽ” ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና የጎመኑን ቅጠል ያለ ነገሩ ቀነጣጠስሁት።

በገበያ ቀን ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ወደ ገበያ ሲጎርፍ፣ ከመንገዱ ማዶ “የቤት ሰዎች!” የሚል ድምፅ ሰማን። እናቴ ወጣች፤ እኔም ተከትያት ደረጃው ላይ ቆምሁ። ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጋቢ የለበሱ፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ቅል የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። ከጋቢው በላይ የአንገታቸው ጠባሳ ይታያል።

እብናት ድረስ የሚታወቀው የአባቴ ስም ከአፋቸው ሲወጣ እናቴ ፊቷ በራ። “ይግቡ እንጂ! የባሌ ወዳጅ ጭቃ ላይ ይቆማል እንዴ?” አለች።

“እዚሁ ደህና ነኝ። ልጅሽን ላመሰግን ነው የመጣሁ፤ ሆስፒታል ጠይቄ ዕረፍት ወጥታ አገሯ ገብታለች ሲሉኝ። ቅቤዋን እዚህ ድንጋይ ላይ አኖራታለሁ፤ ልጄ ነው ያነጠረው፣ የእኔ እጅ የነካው ጨርቁን ብቻ ነው። ስሄድ ጨርቁን ጣሉና ውሰዱት።”

እናቴ ተቀየመች። እንግዳ ደጅ ድረስ መጥቶ አልገባም ሲል በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። “ቤታችን ምን ሆነብዎ?” አለች ድምፅዋ ቀዝቅዞ።

“ቤቱማ ቡሩክ ነው። ትእዛዝ አለብኝ። ቀኑስ አልቋል፤ እኔ ግን እንደ ጾም ነው ያየሁት፣ በላዩ ቀን ጨመርሁበት። እስቲ ልጠይቅሽ፤ እቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች?”

“የለችም። እኔና ልጄ ብቻ ነን፣ ይግቡ” አለች እናቴ።

“አለች” አልሁ ከደረጃው ላይ።

እናቴ ዞረች። ዓይኗ ፊቴ ላይ ጀመረና ወረደ። ምን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። በጭቃው መሃል ሄደችና በሽማግሌውና በእኔ መካከል ቆመች፤ ከዚያ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ እንደ መጋረጃ ዘረጋችው።

የአዮዲን ጨረር ነጠላ እንደማያግደው ለአዲስ ገቢዎች የማስተምር ሰው ነኝ። ደግሞም ያን ጊዜ በሽማግሌው ሰውነት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልቀረም ነበር። አንዱንም አልተናገርሁም። አጭር ሴት ናት እናቴ፤ ነጠላው ከእሷ አልፎ እስከ እኔ ደረት እንኳ አይደርስም ነበር።

ሽማግሌው ቅሉን ድንጋዩ ላይ አኑረው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። “ያን ዕለትም ነበረች?” አሉ።

“ያን ዕለትም ነበረች። አላወቅሁም።”

የባሕር ዛፉን ግንድ ተደገፉ። ከዚያ፣ “እንኳንም ቶሎ ገፋሁሽ” አሉ።

ቁጣዬ ያን ጊዜ መጣ። “ቶሎ? አባቴ፣ በሰላም ስይዝዎት ቆይቼ ቆይቼ ነው በክርንዎ የመቱኝ። ቶሎ ቢሆንማ እንዲህ ባልነደድሁ!”

“አልቆየሽም” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ልጄ፣ ሊያስመልሰኝ ሲል አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። ሁለተኛውን ልጀምር ስል ገብተሽ ግንባሬን ያዝሽ። ‘ሲሳየነ’ ስል ልብስሽን አበላሸሁት። ያን ጊዜ የጠዋቱ ቃልሽ ትዝ አለኝ፣ ሰው አያስጠጉ ያልሽኝ። አፌ ሞልቶ ነበር፣ መናገር አልቻልሁም፤ በክርኔ አልሁሽ። ከዚያማ ከብረቱ ግድግዳ ኋላ ሆነሽ ‘አይዞዎት አባቴ፣ አይዞዎት’ ስትይኝ ነበር፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ።”

ያን ጊዜ ትከሻዬ አስታወሰ። የመከለያው ብረት ቀዝቃዛ ነበር። በትከሻዬ ተደግፌው ነበር። ጎንበስ ብዬ አገጬን ጫፉ ላይ አስደግፌ፣ ደረቴን እያሸሁ፣ እየተናደድሁ “አይዞዎት” ስል ነበር። ጭጋጉ ውስጥ የጠፋው ረጅሙ ጊዜ እዚያ ነበር የቆየው።

“እርግጠኛ ነዎት አባቴ?” አልሁ። ድምፄ ለራሴም የልጅ ድምፅ መሰለኝ። “ሌላ ጊዜ ከሌላ ጊዜ አልተምታታብዎትም?”

“ሰው ጸሎቱን የት ላይ እንደቆረጠ ይረሳል? ያን ዕለት ሲሳየነ ላይ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ቅር እንዳለኝ ነው።”

ስልኬን አውጥቼ ለኃላፊያችን ደወልሁ። እየተንተባተብሁ ነገርሁት። ሙስሊም ነው፣ ጸሎቱን አያውቀውም፤ ‘ሲሳየነ’ ከመሃሉ፣ የዕለት እንጀራችንን የሚለው ጋ ነው አልሁት። “እስቲ በይልኝ፤ ሰዓቴን ይዣለሁ” አለኝ። “አቡነ” ብዬ ስጀምር ሽማግሌው ከማዶ አቋረጡኝ፤ “እንደሱ አይደለም! እያጣደፍሽ! እኔ እኮ ያመመኝ ሰው ነበርሁ።”

ስለዚህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግሁና ክንዴን ዘርግቼ ወደ መንገዱ ያዝሁላቸው። ሽማግሌው ግንዱን ለቀው ቀና አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ያን ዕለት እንዳሉት፣ በየመሃሉ እያቃተቱ፣ ጀመሩ። ገበያተኛው ቆሞ ያይ ነበር። አንድ በግ የሚነዳ ሰውዬ ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለነገሩ ጸሎትም ነበር። ሲሳየነ ላይ ሲደርሱ ክርናቸውን ወደ ጎን ወረወሩና አፋቸውን ዘጉ።

ኃላፊያችን ሲጽፍ ተሰማኝ።

“ይድገሙልኝ” አለ ኃላፊያችን። ደገሙለት። እዚያው ላይ ቆሙ።

“ከዚያ በኋላ ከመከለያው ኋላ ነሽ?”

“ከኋላው ነኝ። ብረቱ ትዝ አለኝ። ቅዝቃዜው።”

ወረቀት ሲገለበጥ፣ ቁጥር ሲጫን ይሰማኛል። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ አልዞረችም፤ ነጠላዋን እንደዘረጋች ናት፣ ክንዶቿ ዝለዋል።

“ስሚኝ” አለ ኃላፊያችን። “የጋውንሽንም ጨምሬ ነው ያሰላሁት። ከተፈቀደው በታች ነው፣ ያውም በብዙ። ደግሜ አሰላዋለሁ፣ ሌላ ሰውም ያየዋል። ግን ጽንሱን የሚያሰጋ ነገር የለም። አሁን ግቢና ምሳሽን ብይ።” ስልኩን ከመዝጋቱ በፊትም “ለአባታችን አመሰግናለሁ በይልኝ” አለ።

አለቀስሁ። በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ንፍጤ እስኪወርድ አለቀስሁ፤ አላፈርሁም።

“ምን አለ?” አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች።

“ደህና ናት አለ እማዬ። ደህና ናት።”

“ታዲያ ቀድሞ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት” አለች። ወዲያው ግን “ለነገሩ እኔስ መች እነግር ነበር” አለች። ከዚያ ወደ ማዶ ተናገረች። “አባቴ፣ ያን ጸሎት ዛሬም ከመሃል ቆርጠው ሊሄዱ ነው?”

“እንዴት ተደርጎ” አሉ ሽማግሌው።

እሳቸው ከባሕር ዛፉ ሥር፣ እናቴ ከደጃችን፣ ከሲሳየነ ጀምረው አንድ ላይ ጨረሱት። እናቴ እጆቿን ያወረደችው “አሜን” ካለች በኋላ ነው።